የስድስተኛው ደብዳቤ አውራ ጣት

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳን ሆዜ ቤታችን ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እኔ አለሁ። ባለቤቴ አለ፤ ለሾፌርነት ሥራው ሊወጣ አንድ ጫማውን አድርጎ ሌላውን በእጁ እንደያዘ። ልጃችን አለች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የባለቤቴ አክስት አሉ፤ ከኦክላንድ በባቡር መጥተው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤታችንም አለች፤ የተዋሰችውን ትልቁን ድስት ልትመልስ መጥታ "አልቀመጥም፣ ቸኩያለሁ" እያለች ከተቀመጠች ግማሽ ሰዓት አልፏታል። ሌላ ሰው አልነበረም።

ነገሬን በሰው ቆጠራ የጀመርኩት ልጄ ስላስተማረችኝ ነው። "ማሚ፣ ፈርስት፣ ቤቱ ውስጥ ማን ነበር? ሁሉንም ትጽፊያለሽ፤ አንድ ሰው እንኳን አትረሺም" አለችኝ። ትምህርት ቤቷ እንዲህ ነው የሚማሩት። እኔ ግን ይህን ቀደም ብዬ ከአባቴ ሰምቼዋለሁ። አባቴ ባደገበት አገር ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ይቆጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የሚያውቅ ሰው እስኪናገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። "ከተሰበሰበው መሀል ሁልጊዜ አንድ የሚያውቅ አለ" ይል ነበር አባቴ። ያን ቅዳሜም ነበር።

ልጄ ፎረንሲክ ሳይንስ የሚባለውን ትምህርት የመረጠችው በራሷ ነው። ግዴታ አይደለም፤ ከሥዕልና ከምግብ ሥራ ጋር ተዘርዝሮ ከመካከላቸው አንዱን ምረጡ የሚባል ነው። እኔ የምግብ ሥራውን ትመርጣለች ብዬ ነበር። ፎረንሲክ ምንድን ነው ብዬ ባለቤቴን ብጠይቀው "ሬሳ ምርመራ ነው" አለኝና ወደ ሥራው ሄደ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያልገባኝን ወረቀት አልፈርምም። የፈቃዱን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ፣ ማውንቴን ቪው ካለው ዕቃ የማጥብበት ካፍቴሪያ ፈቃድ ጠይቄ፣ ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄድኩ።

"ልጄ ሬሳ ትነካለች ወይ?" ብዬ መምህሯን ጠየቅኋት። ልጄ ፊቷ ቀልቶ ተረጎመችልኝ። መምህሯ ሳትስቅ መለሰችልኝ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። ሬሳ የለም አለች። የጫማ ዱካ አለ፣ ፀጉር አለ፣ የእጅ ጽሑፍ አለ፣ የጣት አሻራ አለ፣ በቀለም የተሠራ የውሸት ደም አለ። "ከሁሉ በላይ የምናስተምራቸው ግን ጥንቃቄ ነው" አለች። ጥንቃቄ የሚለውን ስሰማ ፈረምኩ።

ያን ቅዳሜ የቤት ሥራዋ የጣት አሻራ ነበር። ወረቀት ላይ እርሳስ አጥብቃ ትፈገፍጋለች፤ ጣታችንን ጥቁሩ ላይ እናሸዋለን፤ እሷ ጣታችን ላይ ፕላስተር ለጥፋ ታነሳና ነጭ ካርድ ላይ ታሳርፈዋለች። ከዚያ ፊቷን ታዞራለች፣ ከእኛ አንዱ ብርጭቆ ይነካል፣ ማን እንደነካው ከብርጭቆው ላይ ታገኛለች።

ባለቤቴ "ቶሎ በይ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው" እያለ አሥሩንም ጣቱን ሰጠ። ጎረቤታችን "ጌታ ያውቃል፣ ምንም አልሰረቅሁም" ብላ እየሳቀች ሰጠች። አክስት ግን ሁለቱንም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

"እኔ ጣቴን የሰጠሁት ስደተኛ ሆኜ ስመዘገብ ነው። ከዚያ ዜጋ ስሆን። ሦስተኛ የለም።"

"እማማ፣ ፕሊስ፣ ለስኩል ነው" አለች ልጄ።

"ለስኩል! ነገ ፖሊስ በሩን ቢያንኳኳስ?"

"እትዬ፣ ደግሞ ምን የሠሩት አለና ነው?" አለች ጎረቤታችን።

"አንቺ ዝም በይ! ድስት ለመመለስ ሦስት ወር የፈጀብሽ! መጀመሪያ የሚወስዱት አንቺን ነው።"

ሁላችንም ሳቅን። ብዙ ከተለመኑ በኋላ አክስት ትንሿን ጣታቸውን ብቻ ሰጡ፤ ልጄ ይህንንም ተቀብላ አመሰገነች።

የእኔ ተራ ደረሰ። "ማሚ፣ ዶንት ሙቭ" አለችኝና አውራ ጣቴን አሸችው። ካርዱ ላይ የወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው። ደገመችው። ሌላ ጣት ሞከረች። ከዚያ እጄን ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው።

"ማሚ፣ ምንም የለሽም። አልቋል።"

"እናትሽ ባንክ ብትዘርፍ አትያዝም ማለት ነው" አለ ባለቤቴ ሁለተኛውን ጫማውን እያሰረ።

የዕቃ ማጠቢያው ሙቅ ውኃና ሳሙና ነው የበላው። ልጄ እጄን ቶሎ አልለቀቀችውም። ከሕፃንነቷ ወዲህ እጄን ያን ያህል ጊዜ ይዛው አታውቅም። እኔ ግን ለቤት ሥራዋ ሳልጠቅማት መቅረቴ ከነከነኝ፤ "ቆይ፣ እኔ ከሁላችሁም የተሻለ አሻራ አለኝ" ብዬ መኝታ ቤት ገባሁና የብስኩት ቆርቆሮዬን አመጣሁ።

ቆርቆሮው ውስጥ እናቴ የላከችልኝ ሰባት ደብዳቤዎች አሉ። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር፤ ጆሮዋም ስለከበደ ስልክ አይሆንላትም። ጉለሌ በነበረው ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየች ሴት ነበረች፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ናት። እናቴ እየተናገረች እሷ ትጽፍላታለች። ሲያልቅ እናቴ አውራ ጣቷን የማኅተም ቀለም ነክታ ግርጌው ላይ ታትማለች፤ ቀበሌ ስትሄድ የለመደችው ነው። "ጣቴ ከሌለበት የእኔ ደብዳቤ አይደለም" ትል ነበር አሉ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ቆርቆሮውን በከፈትኩ ቁጥር ያንን ሰማያዊ ጣት እስመዋለሁ። ከሁሉም አብልጬ የስድስተኛውን።

የስድስተኛውን ምክንያት ልናገር። እኔ አገሬን የለቀቅኩት እናቴን ዋሽቼ ነው። "ናዝሬት ሠርግ ተጠርቻለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ" አልኳት። ቀሚሴን ራሷ ተኩሳ ሰጠችኝ። እኔ በመተማ አድርጌ ሱዳን ገባሁ። የት እንዳለሁ ያወቀችው ከወር በኋላ ነው፤ እስከዚያው ናዝሬት ሄዳ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስትፈልገኝ ነበር። ዓመታት አልፈው እዚህ ደርሼ ስጽፍላት በአምስት ደብዳቤ ስለ ጣራው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ መለሰችልኝ እንጂ ስለዚያ ነገር ቃል አልተነፈሰችም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ። ኦክላንድ ስንኖር፣ ይህቺን ልጅ አርግዤ፣ ስድስተኛው መጣ። እንዲህ ይላል፦ "ያን የሠርጉን ነገር ከሆዴ አውጥቼዋለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም ከሆድሽ አውጪው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንደ ሰው የተነፈስኩት።

ቆርቆሮውን ስከፍት አክስት ተነሱ። "አይ ልጄ፣ የሟች ደብዳቤ ለልጅ ጨዋታ? መልሺው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ ልመልሰው ስል ልጄ ቀደመችኝ።

"ሪል ኢንክ! ማሚ፣ ይሄ ፐርፌክት ነው!"

ጓንት አደረገች። ሰባቱንም ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደረች። እኔ እንደ ልማዴ ልስመው ጎንበስ ስል "ኖ! ማሚ፣ አትሳሚው፣ ኤቪደንስ ነው፣ ማስረጃ!" ብላ ጮኸች። "እዪ፣ የከንፈርሽ ቅባት ሁሉ አለበት!" ጎረቤታችን ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ልጄ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ከአንደኛው ጀመረች። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እያፏጨች ነበር። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ፉጨቱ ቆመ። ወደ አንደኛው ተመለሰች። እንደገና ወደ ስድስተኛው።

"ምን አገኘሽ?" አልኳት።

"ናቲንግ። ፎቶ ብቻ ላንሳቸው።"

አክስት ባቡር ያመልጠኛል ብለው ወጡ። ባቡሩ ቶሎ ቶሎ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ልጄ ዝምተኛ ሆነችብኝ። የሠራሁትን ትበላለች፣ "ታንክ ዩ ማሚ" ትላለች፣ ዓይኔን ግን አታይም። እናት የሆናችሁ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ። ጃኬቷን አሸተትኩ። ስልክ ስታወራ በር ሥር ቆምኩ። በመጨረሻ ሻወር ስትገባ ቦርሳዋን ፈተሽኩ። ያገኘሁት የእናቴን ጣት ነው፤ ሰባት ትልልቅ ፎቶ። አምስቱ ላይ ኤ ተጽፎባቸዋል፤ ሁለቱ ላይ ቢ። አምስት ኤ እና ሁለት ቢ! ደስ ብሎኝ ቦርሳውን እንደነበረ ዘጋሁት። በሁለቱ ቢ ይሆናል ያዘነችው አልኩ።

እሑድ ከሰዓት ከእሷ ጋር ወደ ሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረድን። ትልቁን አንሶላ እሷ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ይዘን እናጥፋለን።

"ጎበዝ ነሽ" አልኳት። "ሁለት ቢ ምንም ማለት አይደለም።"

"ምን ቢ?"

"ያው፣ የአያትሽ ጣት ላይ ያገኘሽው።"

አንሶላውን ይዛ ቆመች። "ቦርሳዬን ሰርች አደረግሽ? ማሚ! ዋራንት እንኳን የለሽም!"

"እናትሽ ነኝ፤ የፍርድ ቤት ፈቃድ ምን ያደርግልኛል?"

አልሳቀችም። ማጠፊያው ላይ ወደ እኔ መጣች፣ ጫፉን ከጫፌ ጋር አገናኘች፣ ያን ጊዜ ነው ቀስ ብላ የተናገረችው። "ማሚ፣ ግሬድ አይደለም። ኤ አንድ ሰው ነው። ቢ ሌላ ሰው ነው።"

እንደ መምህሯ በጥንቃቄ አስረዳችኝ። የአምስቱ ጣት መስመር እንደ ሰፌድ ስፌት ዙሪያውን ይዞራል፤ መሀሉን ደግሞ የቢላ ጠባሳ ይቆርጠዋል። ጠባሳውን አውቀዋለሁ፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። የስድስተኛውና የሰባተኛው ግን መስመሩ ከአንድ ወገን ገብቶ ታጥፎ በዚያው ይወጣል፤ ጠባሳም የለውም። "ቲቸሬን ጠየቅኋት፤ የማን እንደሆነ ግን አልነገርኳት። ሜይቢ ግራ እጇን ነው አለችኝ። ሜይቢ፣ ማሚ። ያልታየ ነገር አይባልም።"

እኔ ግን አይቻለሁ። የእናቴ ግራ አውራ ጣት ጫፍ የለውም። ልጅ ሳለች እንጨት ሲፈለጥ በመጥረቢያ ተመትቷል። ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ እዚያው ማድረቂያው እየተሽከረከረ ነገርኳት። አንሶላው ከእጇ ወደቀ።

"ሶሪ ማሚ። ማየት አልነበረብኝም።"

"አንቺ ምን አደረግሽ? ያመጣሁት እኔ።"

አንሶላውን እንደገና ልናጥበው ማሽኑ ውስጥ ከተትነው። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ጣቱ የእናቴ ካልሆነ ይቅርታውስ የማን ነው?

ያኔ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ። ያን ቅዳሜ የተሰበሰብነውን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ገና እናቴን በስም እንኳ በደንብ አያውቃትም። ጎረቤታችን ከጥቂት ዓመት ወዲህ የመጣች ናት። "የሟች ደብዳቤ መልሺው" ያሉት፣ ለባቡር የቸኮሉት አንድ ሰው ናቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ልጄን ይዤ ኦክላንድ ሄድኩ። አክስት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ምሳ እያሞቁ ነበር። ጉንጫቸውን ስሜ ቁጭ ሳልል ጠየቅኋቸው።

"እትዬ፣ እናቴ የሞተችው መቼ ነው?"

ማማሰያውን አስቀመጡ። ከእኔ ይልቅ ልጄን አዩ። "አንቺ ነሽ አይደል? ያን ቅዳሜ ዓይንሽን አይቼ አውቄ ነበር። ትንሿን ጣቴን ብቻ ሰጥቼ እንኳ ተያዝኩ!"

መርዶ የተነገረኝ ልጄ ሰማንያዋን ቆጥራ ክርስትና በተነሳች በሳምንቱ ነው። ወዳጅ ዘመድ በማለዳ መጡ፤ አክስትም ነበሩ፤ ሕፃኗን ከእጄ ተቀብለው ነገሩኝ። "ሰሞኑን አረፈች" አሉኝ፤ እኔም የሰሞኑን አለቀስኩ። አሁን አክስት እንደነገሩኝ እናቴ ያረፈችው እኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ደብዳቤው ድንገት ቢቋረጥ ደግሞ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ አክስት፣ ሞቷን በስልክ ላረዳቻቸው ለዚያችው ተከራይ መልሰው ደውለው፣ "እስክትወልድ ድረስ አንዳንድ ደብዳቤ ጣል አድርጊላት" አሏት። ጽሕፈቱ ድሮም የእሷ ነው። የጎደለው ጣት ብቻ ነው፤ እሱንም የራሷን ጨመረች።

"ቢኮዝ ኦፍ ሚ?" አለች ልጄ።

"ባንቺ ምክንያት አይደለም የኔ ዓለም፣ ላንቺ ሲባል ነው" አሉ አክስት፣ እንግሊዝኛ አይገባኝም የሚሉት ሴትዮ።

"የሠርጉን ውሸቴን ይቅር ብዬሻለሁ የሚለውንስ እርስዎ ነዎት ጻፊ ያሏት?" አልኳቸው።

"በማርያም፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላዘዝኩም። የሠርጉንም ነገር ገና ከአንቺ መስማቴ ነው። ጻፊላት ብቻ ነው ያልኳት። እናትሽን እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት እሷ ናት፤ የተባለውን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።"

በባቡር ስንመለስ ልጄ ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ "ሁለቱም ሊሆን ይችላል ማሚ" አለችኝ። እናቴ አልጋ ላይ ሆና ተናግራው፣ ያቺ ሴት አደራዋን አድርሳው ይሆናል። ወይም በአምስቱ ደብዳቤ ያልተባለውን ስታይ፣ የእኔን ፍርሃት ከደብዳቤዬ አንብባ፣ ከራሷ አውጥታ ጽፋው ይሆናል። ሰባተኛውን መለስ ብዬ አነበብኩት። "በግራ ጎንሽ ተኚ፤ ስትወልጂ አጥሚቱን ሳትሰለቺ ጠጪ" ይላል። እንደተባልኩት አድርጌያለሁ። ክሊኒክ ያለችው ነርስም በግራ ጎንሽ ተኚ ስትለኝ እናቴ ከነርስ እኩል ታውቃለች ብዬ ኮርቼ ነበር። ወልዳ የማታውቅ ሴት ያንን ከማን ጠይቃ ነው የጻፈችልኝ? ጎረቤት ለጎረቤት ዞራ መሆን አለበት።

አልተቀየምኳትም። አሥራ ስድስት ዓመት የሳምኩት ጣት የእሷ ከሆነ የሚሳም ጣት ነው።

ልጄ ደብዳቤዎቹን ለትምህርት ቤት አላቀረበችም፤ "የቤተሰብ ነው" ብላ የብርጭቆውን ብቻ ሰጠች። የእኔን ባዶ ካርድም አያይዛው ነበር። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ራሷ አነበበችልኝ፦ "መስመር የለውም። የጣቱ ባለቤት ዕቃ ታጥባለች። ጥፋት አይደለም።" ካርዱ ተመልሶ ሲመጣ ቆርቆሮው ውስጥ ከሰባቱ ጋር አስቀመጥኩት።

አሁን ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አለኝ። ጉለሌ የነበረው ግቢያችን ፈርሷል፤ ሰው ሁሉ ተበትኗል። ተከራያችን ቤሩት ሄደች የሚሉ አሉ፤ የለም፣ አግብታ ኮንዶሚኒየም ገብታለች የሚሉም አሉ። ቀጭን ናት፣ ጠይም፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። "ች"ን ስትጽፍ እግሩን እንደ ማጭድ ታጎብጠዋለች። አውራ ጣቷን ደግሞ ልጄ ብታየው ታውቀዋለች። ቃሉ የእናቴ ከሆነ ትንገረኝ፤ የራሷ ከሆነም ትንገረኝ፣ አልቆጣም። የት እንዳለችና ደህና መሆኗን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።